የአስርዮሽ መደመርና መቀነስ መለማመጃ፦ ካሬው የሚረዳበትና የሚያዘናጋበት

እዚህ የምገመግመው የአስርዮሽ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ ብቻ ለማለማመድ የተዘጋጀ አንድ የልምምድ መጽሐፍ ነው። ማባዛትና ማካፈል የሉበትም፤ ክፍልፋይም የሚነሳው ለማብራሪያ ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉ ስድስት ምዕራፎችና ከጀርባው ተገንጥሎ የሚወጣ የመልስ ክፍል አለው። ከመሰሎቹ የሚለየው ገጾቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በካሬ የተከፋፈሉ መሆናቸው ነው፤ ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ ካሬ ተመድቦለታል፣ የአስርዮሽ ነጥቡ የሚያርፍበት ቦታም ከላይ እስከ ታች በደማቅ መስመር ተሰምሯል። ይህን ትምህርት ገና ከጀመሩ ልጆችም፣ ተምረው ከረሱት አዋቂዎችም ጋር ሠርቼበታለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ የመቀነስ ምዕራፎቹ በጣም የተዋጣላቸው ናቸው፤ የመደመር ምዕራፎቹ ግን ተማሪው ሊለማመደው የሚገባውን ዋና ሥራ ራሳቸው ሠርተው ይሰጡታል።

ዋናው ሥራ ምን እንደሆነ ላብራራ። ሙሉ ቁጥሮችን ቁልቁል ስንደረድር የሁሉንም የመጨረሻ አሃዝ በቀኝ በኩል አስተካክለን እንጽፋለን፤ የሙሉ ቁጥር የቀኝ ዳር ምንጊዜም የአንድ ቤት ስለሆነ ይህ ልማድ አያሳስትም። አስርዮሽ ላይ ሲደረስ ግን የቀኝ ዳር ቋሚነቱን ያጣል። የ3.7 የመጨረሻ አሃዝ አስረኛ ሲሆን የ2.45 የመጨረሻ አሃዝ መቶኛ ነው፤ ሁለቱን አንዱን ከሌላው ሥር አስቀምጦ መደመር ሰባት አስረኛን ከአምስት መቶኛ ጋር እንደ አንድ ዓይነት ነገር መቁጠር ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው ለዓመታት ያዳበረውን ልማድ ትቶ፣ ቁጥሮችን በጫፋቸው ሳይሆን አሃዞቹ በያዙት ቤት መደርደር ይኖርበታል። ነጥብን ከነጥብ ሥር ጻፍ የሚለው የታወቀ ደንብ የዚህ ሐሳብ አጭር መግለጫ ነው እንጂ በራሱ ምክንያት አይደለም፤ ነጥቡ የአንድ ቤት የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያሳይ ምልክት በመሆኑ፣ ነጥቦቹ ከተስተካከሉ ቤቶቹ ሁሉ ይስተካከላሉ።

መጽሐፉ ይህን በመግቢያው ላይ በትክክልና ባልተንዛዛ አገላለጽ ያስረዳል። ችግሩ የሚጀምረው ልምምዱ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ተደማሪዎቹ በየካሬያቸው ተደርድረው፣ የጎደለው ቦታም በዜሮ ተሞልቶ ይቀርባሉ፤ 3.7 በገጹ ላይ የሚታየው አስቀድሞ 3.70 ሆኖ ነው። ለተማሪው የሚቀርለት ከቀኝ ወደ ግራ እየሄደ መደመርና አስር የሞላውን በእጅ ይዞ ወደሚቀጥለው ቤት ማሻገር ብቻ ሲሆን፣ ይህን ደግሞ ከሙሉ ቁጥር ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ ጎበዝ ልጅ እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ያለ አንዳች ስህተት ከጨረሰ በኋላ፣ ምንም ባልተሰመረበት ወረቀት ላይ 3.7 + 2.45 የሚለውን ወደ ጎን ጽፌ ሰጠሁት። አምስትን ከሰባት ሥር፣ አራትን ከሦስት ሥር አስቀመጠ፤ ሁለት ብቻዋን ወደ ግራ ወጣች። ሰባትና አምስት አስራ ሁለት፣ ሁለት ጽፎ አንድ በእጅ፤ ሦስትና አራት ከተያዘው ጋር ስምንት፤ ሁለት እንዳለች ወረደች። ከዚያ የነጥቡን ቦታ ከታችኛው ቁጥር ላይ አይቶ 2.82 ብሎ ጻፈ። መልሱ ከ3.7 እንደሚያንስ ሳሳየው ወዲያው ገባውና 6.15 አገኘ። የማመዛዘን ችሎታ አልጎደለውም፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን መጽሐፉ አንድም ጊዜ ራስህ ደርድር ብሎ አልጠየቀውም ነበር።

ካሬ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እጃቸው ገና ላልጠና፣ አሃዞቻቸው ወደ ላይና ወደ ታች ለሚዋዥቁባቸው ልጆች ባለካሬ ወረቀት ትልቅ እርዳታ ነው፤ ቤቶቹን አስተካክሎ ያወቀው ልጅ በአጻጻፉ መዛነፍ ምክንያት ብቻ እንዳይሳሳት ይጠብቀዋል። ነገር ግን እርዳታ ቀስ በቀስ መነሳት አለበት። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ተደርድረው ቢቀርቡ፣ ቀጥሎ ካሬው ባዶውን ቀርቦ ተማሪው ራሱ ቢሞላው፣ ከዚያ የነጥቡ ደማቅ መስመር ቢጠፋ፣ በመጨረሻም ካሬው ራሱ ቢቀር በጣም ጥሩ መጽሐፍ ይሆን ነበር። እዚህ ግን እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ አንድ ዓይነት ካሬ ከነመስመሩ ይዘልቃል፤ በስድስተኛው ምዕራፍ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይነሳና ተማሪው በባዶ ገጽ ላይ ይቀራል። መሰላሉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ደረጃ ብቻ ነው ያለው።

ግምትን የሚያስተምረው ክፍልም ያለ ቦታው ገብቷል። መልሱን ከማስላት በፊት መገመት፣ ለምሳሌ 3.7 ወደ 4፣ 2.45 ወደ 2 ተጠጋግቶ ድምሩ 6 አካባቢ መሆኑን ማየት፣ ከአደራደር ስህተት የሚያድነው ዋነኛው መሣሪያ ነው። 2.82 ብሎ የጻፈውን ልጅ ያቆመው ሌላ ምንም ሳይሆን ይህ ነው። መጽሐፉ ግን ግምትን እንደ ተጨማሪ ችሎታ ቆጥሮ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ከቃል ጥያቄዎች አጠገብ አስቀምጦታል። መጽሐፉን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ያንን ምዕራፍ በመጀመሪያ እንዲያሠራ እመክራለሁ፤ ጥያቄዎቹ ቀላል በመሆናቸው ከፊት ያለውን ሳይማሩ ሊሠሩ ይችላሉ።

በመደመር ምዕራፎቹ ውስጥ የሚመሰገን ነገር የለም ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በመቶ ትናንሽ ካሬዎች የተከፈለው ትልቁ ካሬ በጥሩ ሁኔታ ጥቅም ላይ ውሏል። አንዱ ትልቅ ካሬ አንድ ሙሉ ነው፤ አንዱ ረድፍ አስረኛ፣ አንዷ ትንሽ ካሬ መቶኛ ናት። 0.8 + 0.7 ሲሠራ ስምንት ረድፍ ከተቀባ በኋላ ከሚጨመሩት ሰባት ረድፎች ሁለቱ ብቻ እዚያው ካሬ ላይ ይገባሉ፤ ቀሪዎቹ አምስቱ ወደ አዲስ ካሬ ይሻገራሉ። አንድ ሙሉና አምስት አስረኛ፣ ማለትም 1.5፣ በዓይን ይታያል። ይህ ሥዕል የሚያርመው በጣም የተለመደ ስህተት አለ፤ ብዙ ተማሪዎች የነጥቡን ግራና ቀኝ ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች አድርገው ስለሚያስቡ፣ ስምንትና ሰባት አስራ አምስት ብለው 0.15 ይጽፋሉ። በተመሳሳይ መንገድ 4.9 + 0.13 ሲሰጣቸው ዘጠኝና አስራ ሦስትን ደምረው 4.22 ይላሉ፤ ትክክለኛው መልስ 5.03 ነው። ከነጥቡ በስተቀኝ አስር አስረኛ ሲሞላ አንድ ሆኖ ነጥቡን ተሻግሮ ወደ ግራ እንደሚገባ በሥዕል ያየ ልጅ ነጥቡን እንደ አጥር መቁጠር ይተዋል።

አዘጋጆቹ በአነባበብ ላይ የያዙትን አቋምም እደግፋለሁ። 4.13 የሚለውን አራት ነጥብ አንድ ሦስት ወይም አራት ከአስራ ሦስት መቶኛ ብሎ ማንበብ እንጂ አራት ነጥብ አስራ ሦስት ማለት እንደማይገባ በጥብቅ ያሳስባሉ። ይህ ለጀማሪ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። አራት ነጥብ አስራ ሦስት ብሎ የሚያነብ ልጅ አስራ ሦስት ከዘጠኝ ስለሚበልጥ 4.13 ከ4.9 ይበልጣል ብሎ ይደመድማል፤ አሃዙ የበዛው ቁጥር ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ ቁጥሮችን በማወዳደር ላይ ብቻ ሳይቆም ግምቱንም ያበላሽበታል። የሚገርመው፣ ለአነባበብ ይህን ያህል የተጨነቀ መጽሐፍ ድምፅ አውጥቶ የማንበብ አንድም ልምምድ አልተሰጠበትም።

ወደ መቀነስ ስንመጣ መጽሐፉ ሌላ እጅ የጻፈው ይመስላል። ሦስተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ሁሉም አስተማሪ በሚያውቀው እንቅፋት ነው፦ 5 − 1.38። በመደመር ጊዜ የጎደለውን ቦታ በዜሮ አለመሙላት ውጤቱን አያበላሽም፤ ከባዶ ቦታ ሥር ያለው አሃዝ እንዳለ ይወርዳል፣ መልሱም ትክክል ይሆናል። ይህን የለመደ ተማሪ በመቀነስም 38ን እንዳለ ያወርድና 5 ሲቀነስ 1 አራት ነው ብሎ 4.38 ይጽፋል። ዜሮ መጨመር በመደመር ጊዜ ለንጽሕና ሲሆን በመቀነስ ጊዜ ግን ግዴታ መሆኑን እንደዚህ ለይቶ የሚናገር መለማመጃ ብዙ አላጋጠመኝም። አዘጋጆቹ 4.38ን ከ1.38 ጋር መልሰው ያስደምሩታል፤ 5.76 ሲመጣ ተማሪው መልሱ ልክ እንዳልሆነ ከማንም ሳይሰማ ያውቃል። ከዚያ 5 የሚለው 5.00 ሆኖ ይጻፋል፣ አምስቱ አንዱን አበድሮ አራት ይቀራል፣ የተበደረው አንድ ዘጠኝ አስረኛና አስር መቶኛ ሆኖ ይከፋፈላል፣ ውጤቱም 3.62 ይሆናል። ብድሩ እንዴት እንደተዘረዘረ በሥዕልም በጽሑፍም ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ ይመስለኛል። ጥያቄው 6.02 − 3.475 ነው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ችግር ተደራርቧል፤ የላይኛው ቁጥር አሃዞች በብዛት ከታችኛው ያንሳሉ፣ በመካከሉም ዜሮ አለ። መጀመሪያ 6.02 ወደ 6.020 ይለወጣል። ከሺህኛ ቤት፣ ከዜሮ አምስት ስለማይቀነስ ከጎረቤቱ ሁለት መቶኛ አንድ ይበደራል፤ አስር ሲቀነስ አምስት፣ አምስት። መቶኛ ቤት አሁን የቀረው አንድ ሲሆን የሚቀነሰው ሰባት ነው። ጎረቤቱ አስረኛ ቤት ግን ዜሮ ስለሆነ የሚያበድረው የለውም፤ ስለዚህ እሱም ከስድስቱ ይበደርና አስር ይሆናል፣ ከአስሩ አንዱን ለመቶኛ አበድሮ ዘጠኝ ይቀርለታል። አስራ አንድ ሲቀነስ ሰባት፣ አራት፤ ዘጠኝ ሲቀነስ አራት፣ አምስት፤ አምስት ሲቀነስ ሦስት፣ ሁለት። መልሱ 2.545 ነው። መጽሐፉ እያንዳንዱን እርምጃ በተለየ ሥዕል ያሳያል፤ የተሰረዘውን አሃዝ ከላዩ ላይ በትንሹ ከተጻፈው አዲስ አሃዝ ጋር አብሮ ስለሚያኖረው ተማሪው ከየትኛውም እርምጃ ተነስቶ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። ብዙ መጻሕፍት የመጨረሻውን፣ በስረዛ የተጨናነቀውን ሥዕል ብቻ አሳይተው ያልፋሉ።

አራተኛው ምዕራፍ ከብድር ማምለጫ መንገዶችን ያቀርባል። ከሁለቱም ቁጥሮች እኩል መጠን ቢቀነስ ልዩነታቸው አይለወጥም፤ ስለዚህ 5 − 1.38ን ከሁለቱም 0.01 ቀንሶ 4.99 − 1.37 ማድረግ ይቻላል፣ ያለ አንዳች ብድርም 3.62 ይገኛል። በመደመርም 7.98 + 4.6 ሲሰጥ 7.98ን ወደ 8 አስጠግቶ 12.6 ማግኘትና የተጨመረውን 0.02 መልሶ መቀነስ ያስተምራል፤ መልሱ 12.58 ነው። ይህ ምዕራፍ ለአዋቂዎች በተለይ ይጠቅማል፤ ስሌትን በቃላቸው ለመሥራት የሚፈልጉት እነሱ ናቸውና። ልጆችን በተመለከተ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ በደንብ ሳይገባቸው ወደዚህ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ አቋራጩን ብቻ ይዘው ብድርን ሳያውቁ የሚቀሩ አሉ።

በየምዕራፉ መጨረሻ ስህተቱን ፈልግ የሚል ገጽ አለ። ሌላ ሰው የሠራው የሚመስል የተሳሳተ ስሌት ይቀርባል፤ ተማሪው የሚጠየቀው ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን ሠሪው ምን አስቦ እንደተሳሳተ እንዲጽፍ ነው። ይህ ጥያቄ ከአስር ተራ ስሌት የበለጠ ያሠራል። ለምሳሌ 8.4 − 2.17 = 6.37 ተብሎ ቀርቧል፤ ትክክለኛው 6.23 ነው። ሠሪው አራት አስረኛ ላይ አንድ ቀንሶ ሦስት ካገኘ በኋላ፣ ከባዶው መቶኛ ቤት ሥር ያለውን ሰባት እንዳለ እንዳወረደው ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። እነዚህ ገጾች ቁጥራቸው ቢጨምር ደስ ባለኝ ነበር፤ በየምዕራፉ አንዳንድ ብቻ ናቸው።

ስለ ታሪክ የተጻፈው ገጽ ግን እርማት ይሻል። አስርዮሽን የፈጠረው ፍላንደርሳዊው (በዛሬዋ ቤልጅየም የተወለደው) የሒሳብ ሊቅ ሳይመን ስቴቪን ነው ይላል። ስቴቪን እ.ኤ.አ. በ1585 ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አስርዮሽን በአውሮፓ ያስፋፋ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሒሳብ ሊቁ አል-ኡቅሊዲሲ በደማስቆ በ10ኛው መቶ ዘመን አስርዮሽ ክፍልፋዮችን ተጠቅሟል፣ በሰማርካንድ የነበረው አል-ካሺም በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሰፊው ሠርቶባቸዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጨኝ፣ አዘጋጆቹ የስቴቪንን አጻጻፍ ጠቅሰው ለትምህርቱ ሳይጠቀሙበት ማለፋቸው ነው። ስቴቪን ነጥብ አልነበረውም፤ ከእያንዳንዱ አሃዝ ጎን በክብ ውስጥ ቁጥር እየጻፈ፣ ለአንድ ቤት ዜሮ፣ ለአስረኛ አንድ፣ ለመቶኛ ሁለት ብሎ ያመለክት ነበር። እንዲህ የተጻፈን ቁጥር በስህተት መደርደር አስቸጋሪ ነው፤ እያንዳንዱ አሃዝ ቤቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳልና። ካሬ በሌለበት ገጽ ላይ ለሚሳሳት ልጅ ከአሃዞቹ በላይ የቤታቸውን ስም ማጻፍ ከደማቁ መስመር የተሻለ እርዳታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የቃል ጥያቄዎቹ በአብዛኛው የልኬት ናቸው፦ ርዝመት፣ ክብደት፣ ፈሳሽ። እዚህ ላይ መጽሐፉ አንድ ነገር ዘሏል። በንጹሕ ቁጥርነት 12.1 እና 12.100 እኩል ናቸው፤ በልኬት ግን 12.1 ሜትር ማለት እስከ አስረኛ ድረስ ብቻ ተለክቷል ማለት ሲሆን፣ ቀጣዮቹን ቤቶች በዜሮ መሙላት ያልተለካን ነገር እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ ይሆናል። 12.1 ሜትርና 3.456 ሜትር ሲደመሩ በወረቀት ላይ 15.556 ይመጣል፤ መዘገብ ያለበት ግን 15.6 ነው። ለጀማሪዎች ይህን ማንሳት ላያስፈልግ ይችላል፤ መጽሐፉ ግን ከፍ ላሉ ክፍሎችም ይሆናል ብሎ በሽፋኑ ላይ ስለሚናገር ቢያንስ አንድ አንቀጽ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ስለ ማጠጋጋት የተሰጠው ማሳሰቢያም በጣም አጭር ነው፤ በየመሃሉ ሳይሆን በመጨረሻ አጠጋጋ ይላል፣ ምክንያቱን ግን አይነግርም። ምክንያቱን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በካናዳ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 በ1000 ያስጀመረው፣ የአክሲዮኖቹን አጠቃላይ የዋጋ መውጣትና መውረድ የሚያሳይ መለኪያ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ግብይት ሲሰላ ከሦስተኛው የአስርዮሽ ቤት በኋላ ያለው ሳይጠጋጋ ዝም ብሎ ይቆረጥ ነበር። ከአንድ ጊዜ ቆረጣ የሚጠፋው ከአንድ ሺህኛ ያነሰ ቢሆንም፣ ቆረጣው በየቀኑ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተደጋገመ መለኪያው በ1983 መገባደጃ ወደ 520 ገደማ ወረደ፤ ስሌቱ ሲታረም ትክክለኛው ቁጥር ከ1000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

መልስን በካልኩሌተር ወይም በኮምፒውተር ስለማረጋገጥ የተጻፈው ምክር ጥሩ ነው፤ ለአስተማሪዎች የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በብዙ የኮምፒውተር ቋንቋዎች 0.1 + 0.2 ሲሰላ 0.30000000000000004 ይወጣል። ማሽኑ ቁጥሮችን የሚይዘው በሁለት ብዜት ላይ በተመሠረተ ዘዴ ሲሆን፣ አንድ አስረኛ በዚያ ዘዴ እንደ አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ ማለቂያ ስለሌለው በቅርብ ግምት ብቻ ይቀመጣል። ንቁ ተማሪ ይህን አይቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ የተሳሳተው እሱ እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል።

የመጽሐፉ ሥራ ጠንካራ ነው። ወረቀቱ ወፈር ያለ በመሆኑ እርሳስ ተደጋግሞ ቢጠፋበትም አይቀደድም፤ ጥርዙም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ካሬዎቹ ግን ለትናንሽ ልጆች እጅ ጠባብ ናቸው፣ በተለይ በመቀነስ ገጾች ላይ የተበደረውን አሃዝ ከላይ ለመጻፍ የተተወው ቦታ አይበቃም። በራሱ ለሚማር አዋቂ መጽሐፉን ያለ ቅሬታ እመክራለሁ። ለልጅ የሚገዛ ሰው ግን ጥያቄዎቹን ወደ ጎን ገልብጦ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያሠራው አስተማሪ ወይም ወላጅ አጠገቡ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

በእጄ ባለው ቅጂ የመልስ ክፍል ውስጥ ሦስት ስህተቶች ስላገኘሁ፣ ተማሪው በትክክለኛ መልሱ ላይ እንዳይጠራጠር አስቀድሞ በእርሳስ ማረም ይበጃል። 12.05 − 7.6 በሚለው ፊት 5.45 ተብሎ ታትሟል፤ 4.45 መሆን አለበት። የ0.9 + 0.11 + 0.099 መልስ 1.19 ተብሏል፤ ትክክለኛው 1.109 ነው። 20 − 0.06 ደግሞ 19.4 ሳይሆን 19.94 ነው።